የእድሩ መዝገብ ውስጥ የገባው ዶላር

ባለፈው ሳምንት አንድ የሰፈር ልጅ ላፕቶፑን በፌስታል ጠቅልሎ ይዞ መጣና "ሊኑክስ ጫንልኝ፣ ያለውን ሁሉ አጥፋው፣ የሚጠቅም ነገር የለውም" አለኝ። ሊኑክስ በዊንዶውስ ቦታ የሚጫን ነፃ ሲስተም ነው። ድሮ ቢሆን ፍላሹን ሰክቼ አንድ ቡና እስኪፈላ እጨርስለት ነበር። አሁን ግን "ቁጭ በል እስቲ፣ መጀመሪያ እናውራ" አልኩት። ማን ማን ይጠቀምበታል፣ እናትህ ምን ይከፍቱበታል፣ አማርኛ የሚጻፈው በምንድነው፣ ከመቼ ጀምሮ... ልጁ ግራ ገባው፣ ኮምፒውተር ሊያሠራ መጥቶ ስለ ቤተሰቡ ይጠየቃል እንዴ።

እንደዚ የሆንኩት የጋሼን ኮምፒውተር ከነካሁ በኋላ ነው። ነገሩ ከሆነ አመት አልፎታል፣ ግን ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል፣ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ደሞ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ስላቆመ ሊኑክስ ጫንልኝ የሚለኝ ሰው በዝቷል፣ እኔ ጋ ከሚመጡት ማሽኖች ብዙዎቹ ዊንዶውስ 11 የሚፈልገው ቲፒኤም 2.0 የሚባለው የደህንነት ቺፕ የላቸውም፣ ባለቤቱ አዲስ መግዣ የለውም፣ ስለዚ ወይ ሊኑክስ ነው ወይ ዝም ብሎ መቀመጥ። ሊኑክስ መጫኑ ጥሩ ነው፣ እኔም ደስ ይለኛል። የሚያስፈራኝ "ሁሉንም አጥፋው" የሚለው ቃል ነው።

ጋሼና ማሽናቸው

ጋሼ የምላቸው ጎረቤታችን ናቸው። ባቡር ላይ ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ቤታቸው እዚሁ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ከጣቢያው ብዙም ሳይርቅ። እንደ ብዙዎቹ የድሮ የባቡር ሰዎች ፈረንሳይኛ ያነባሉ። ከ1996 ጀምሮ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ናቸው። መጀመሪያ ላይ ቃለ ጉባኤውን በእጃቸው ጽፈው ለአንዲት የጽሕፈት ሱቅ ላላቸው ሴትዮ ይሰጡ ነበር፣ በኋላ ግን ሴትዮዋ ራሳቸው ታይፕ አስተማሯቸውና የጋሼ ልጅ ከጅቡቲ ኮምፒውተር ሲያመጣላቸው ቤታቸው መጻፍ ጀመሩ። በዲስኬት የነበረው ወደ ሲዲ፣ ከሲዲ ወደ ፍላሽ፣ ከፍላሽ ወደ ሃርድ ዲስክ እየተገለበጠ የሃያ አመት መዝገብ ነበር።

ማሽኑ አሮጌ ዴል ነው፣ ኮር ቱ ዱዎ፣ 2 ጊጋ ራም፣ ዊንዶውስ 7። ሲከፈት ሻይ ጠጥተህ ትመለሳለህ፣ ፍላሽ በተሰካ ቁጥር ፎልደሮቹን ሁሉ ወደ ሾርትከት የሚቀይረው ቫይረስ አለበት። ጋሼ "አቦ ይሄ ነገር እንደኔ አረጀ" አሉኝ አንድ ቀን በር ላይ ቆመን። እኔ ደሞ ወዲያው ሊኑክስ ሚንት ልጫንልዎት አልኩ። ማንም አልለመነኝም። ሊኑክስን የምወደው ከልቤ ነው፣ የመጀመሪያ ኡቡንቱዬ (እሱም የሊኑክስ አይነት ነው) በነፃ በፖስታ የመጣልኝ ሲዲ ነው፣ ያኔ ለጠየቀ ሁሉ ይልኩ ነበር፣ እና ያንን ፖስታ ቤት ሄጄ የተቀበልኩበትን ቀን አልረሳውም፣ አንድ የማላውቀው ሰው ድሬዳዋ ድረስ ስጦታ የላከልኝ ነበር የመሰለኝ። ከዛ ጊዜ ጀምሮ አሮጌ ማሽን ሳይ ዝም ማለት አልችልም።

ከፍቼ ሳየው ውስጡ የደቻቱ ወንዝን አሸዋ የሚያክል አቧራ ነው፣ ማራገቢያው ራሱ አይታይም። ድሬ ላይ ኮምፒውተር የሚገድለው ግማሹ ሙቀት ግማሹ አቧራ ነው፣ ሶፍትዌሩን ከመውቀስ በፊት ክዳኑን ክፈቱ። በብሩሽ ጠረግኩት፣ ታይዋን የሚባለው ገበያችን ሄጄ ተጨማሪ ራም ገዛሁ። ከዛ ቡት አድርጌ ቀለል ያለውን ሚንት ኤክስኤፍሲኢን ከፍላሽ ሞከርኩት፣ ጥሩ ሠራ።

ኢንተርኔት እንዲያገኝ ስልኬን በኬብል ሰክቼ ቴዘሪንግ፣ የስልኩን ኢንተርኔት የሚያካፍለውን፣ አበራሁለት። ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም፣ አንድሮይድ ስልክ በዩኤስቢ ሰክታችሁ ቴዘሪንግ ካበራችሁ ሊኑክስ እንደ ተራ የኬብል ኔትወርክ ነው የሚያየው፣ ዋይፋይ ካርድ ባይኖረው ወይም ድራይቨሩ እምቢ ቢል እንኳን በዛ ገብታችሁ የጎደለውን ማውረድ ትችላላችሁ። ብሮድኮም ዋይፋይ ያለው ላፕቶፕ ይዛችሁ የተሰቃያችሁ ይሄን ሞክሩ።

አንድ ነገር ግን አስቸገረኝ። ኢንተርኔቱ አለ፣ ብሮውዘሩ ግን ድረ ገጹን ሁሉ አላምንም ይላል፣ አፕዴት ስለው ደሞ ፋይሉ ገና ጊዜው አልደረሰም ይለኛል። ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። ቀኑን ሳየው 2009 በፈረንጅ። የማዘርቦርዷ ክብ ባትሪ ሞታለች፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ማሽኑ 2009 ላይ ቁጭ ብሎ ከአስራ ምናምን አመት በኋላ የተፈረመ የድረ ገጽ መታወቂያ (ሰርተፊኬት) ሲያይ እንዴት ይመን። ባትሪዋን ቀየርኩ፣ ቀኑን አስተካከልኩ፣ ሁሉም ነገር ሄደ። እንደዚ አይነት ነገር ነው ሊኑክስን የሚያስወድደኝ፣ ችግሩን ይነግርሃል፣ ካነበብከው ማለት ነው።

ፋይላቸውን ኮፒ አደረግኩ። ማይ ዶክመንት፣ ዴስክቶፕ ላይ ያለውን፣ የልጅ ልጆቻቸውን ፎቶ፣ ሁሉንም ወደ ፍላሽ። ሁለቴ ቆጠርኩት፣ የፋይሉ ብዛት እኩል ነው። ከዛ "ዲስኩን አጥፍተህ ጫን" የሚለውን መረጥኩ። ሀያ አምስት ደቂቃ። መብራት እንኳን አልጠፋም።

ዶላሩ

በማግስቱ ከሰዓት ጋሼን ጠርቼ አስቀመጥኳቸው። በአንድ ደቂቃ ከፈተ። ደስ አላቸው፣ ባለቤታቸውን እትዬን ጠሩ፣ ሻይ መጣ፣ ሳምቡሳ መጣ። "በል የመጨረሻውን ስብሰባ ክፈትልኝ" አሉኝ። ሊብሬ ኦፊስ የሚባለው የጽሑፍ ፕሮግራም ተከፈተ፣ ፋይሉ ተከፈተ።

አንድም አማርኛ የለም።

ገጹ ሙሉ ነው፣ መስመሩ፣ ሠንጠረዡ፣ አንቀጹ ቦታው ላይ ነው፣ ግን የላቲን ፊደል፣ ቃለ አጋኖ፣ ሰረዝ፣ ባርኔጣ ያደረገ ኤ፣ የማባዣ ምልክት። ከድሮ አዋጅ ፒዲኤፍ ላይ ኮፒ አድርጋችሁ የለጠፋችሁ ታውቁታላችሁ፣ "የኢትዮጵያ" የሚለው ቃል ትንሿ ዋይ፣ ኤክስ፣ ቃለ አጋኖ፣ ትልቁ ቲ፣ የማባዣ ምልክት እያለ የሚሄደው ነገር። የሚነበበው ቁጥሩ ብቻ ነበር። 20፣ 50፣ 1500። ማን እንደከፈለ ጠፍቶ ስንት እንደተከፈለ ቀረ።

ጋሼ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ ጎተት አድርገው ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። ጣታቸውን አንድ ቦታ ላይ አደረጉ። "ይሄ ምንድነው?" አሉኝ። የዶላር ምልክት ነው። ከታቹም አለ። ከሱም በታች። ገጹን ሙሉ። ድምጻቸው ተቀየረ፣ "አንተ ልጅ፣ የኛ እድር ዶላር ሰብስቦ አያውቅም። ይሄንን ሰው ቢያየው ምን ይለኛል?"

እኔ የፈራሁት ፋይሉ ተበላሽቷል ብዬ ነው። እሳቸው የፈሩት ሌላ ነው። ሃያ አመት የሰው ገንዘብ በእጃቸው አልፎ አንድም ቀን ስማቸው ያልተነሳ ሰው ናቸው፣ ለእሳቸው ያ ምልክት የኮምፒውተር ችግር አልነበረም፣ የስማቸው ጉዳይ ነበር። እትዬ ሻዩን አስቀምጠው ወጡ። እኔ ደሞ እዛች ወንበር ላይ ምን እንደምል ጠፋኝ፣ "ይስተካከላል ጋሼ" አልኩ፣ እንዴት እንደሚስተካከል ግን አላውቅም ነበር፣ ዲስኩ ጠፍቷል፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፣ እኔ ያፈሰስኩት ግን የራሴን አልነበረም።

ሁለት ሌሊት

ቤት ሄጄ አልተኛሁም። ፋይሉን ፍላሹ ላይ ካለው ጋር አወዳደርኩ፣ አንድ ባይት ልዩነት የለውም። ማለት ፋይሉ አልተበላሸም። ታዲያ አማርኛው የት ሄደ? ብዙ ከፈትኩ ዘጋሁ፣ በኋላ ነው አይኔ የገባው፣ ሊብሬ ኦፊስ ላይ የፎንቱ፣ ማለት የፊደሉን መልክ የሚሰጠው ፋይል፣ ስም የሚጻፍባት ሳጥን ውስጥ ስሙ ዘመም ብሎ ነው የተጻፈው። ዘመም ማለቱ ፎንቱ ማሽኑ ላይ የለም ማለት ነው፣ ስሙ ፋይሉ ውስጥ አለ፣ ራሱ ግን የለም፣ ስለዚ በሌላ ፎንት ተክቶ ነው የሚያሳየኝ።

ያኔ ገባኝ። ጋሼ ከዩኒኮድ፣ ለእያንዳንዷ ፊደል የራሷን ቁጥር ከሚሰጠው ስርዓት፣ በፊት በነበረ የግዕዝ ፎንት ነው ሲጽፉ የኖሩት። ይሄ ትውልድ ያላየው ነገር ስለሆነ ትንሽ ላብራራው። በድሮው ጊዜ አንድ ፎንት የሚይዘው ቢበዛ 256 ቦታ ነው፣ ከሱም የሚጠቀሙበት ሁሉም አይደለም። የኛ ፊደል 33 ጊዜ 7 ብቻውን 231 ነው፣ ዲቃላዎቹ ሲጨመሩ፣ ነጥቡ ሲጨመር፣ ቁጥሩ ሲጨመር አይበቃም። ስለዚ የሠሩት ሰዎች ዘዴ ፈጠሩ። አንዳንዶቹ ፊደሉን ለሁለት ለሦስት ፎንት አካፈሉት፣ አንዳንዶቹ ከቁርጥራጭ ገጣጠሙት። ጋሼ የሚጠቀሙበት የሚገጣጥመው ነው። ኤክስ "አ" ናት፣ ኤክስ ላይ ቃለ አጋኖ ስትጨምር "ኢ" ትሆናለች። ኤስ ላይ ቃለ አጋኖ "ሲ" ነው። ኪው "ቀ" ናት፣ ኪውና የዶላር ምልክት ሲገጥሙ "ቁ" ይሆናሉ። "ቁጥር" የሚለው ቃል እንግዲህ ኪው፣ ዶላር፣ የታች ሰረዝ፣ ትልቁ አር ነው።

ዶላሩ እሱ ነበር። ተራ ቁጥር፣ የደረሰኝ ቁጥር፣ የቤት ቁጥር። የእድር መዝገብ ላይ ከዚህ የበለጠ የሚደጋገም ቃል የት አለ።

እነዚህን ፎንቶች የሠሩትን ሰዎች ማንም እንዲንቅ አልፈልግም። ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝ የምንላቸው ነገሮች ባይኖሩ በሺዎች የሚቆጠር መጽሐፍና ደብዳቤ አይጻፍም ነበር፣ ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. 1999 ነው፣ ሰው ደሞ እስከዛ እጁን አጣጥፎ አልጠበቀም። አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ሲሠሩም ጭንቀቱ ያው ነበር፣ ይሄን ሁሉ ፊደል በትንሽ ቁልፍ እንዴት ላድርገው የሚል። ችግሩ እንደዛ የተጻፈ ነገር ውስጡ አማርኛ አለመሆኑ ነው። ማሽኑ አማርኛ አያውቅም፣ የሚያውቀው ኪውና ዶላር ነው፣ አማርኛ የሚያስመስለው ፎንቱ ነው። ፎንቱ የተለየ ቀን ጽሑፉ ራቁቱን ይቀራል። ጋሼ ሃያ አመት "ቁጥር" ብለው ሲጽፉ ማሽኑ አንድም ቀን "ቁጥር" ብሎ አልሰማቸውም።

እና ያ ፎንት የነበረው ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ነው፣ ፎንትስ በምትለዋ። እኔ እሷን ኮፒ ሳላደርግ ነበር ያጠፋሁት፣ ለኔ የሰው ንብረት ማለት ዶክመንትስ ነው፣ ሌላው የዊንዶውስ ኮተት ነው። ላም አለኝ በሰማይ ሆነ ነገሩ፣ ፋይሉ ሙሉ አለ፣ የሚያነበው የለም።

የጠፋ ፋይል ለመፈለግ ፎቶሬክ የሚባል ፕሮግራም አለ፣ ቴስትዲስክ ከሚባለው ጋር አብሮ ነው የሚመጣው፣ የፋይሉ ስም ቢጠፋም ዲስኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ እያሰሰ የፋይሉን አይነት በአጀማመሩ ይለያል። ዲስኩን አውጥቼ እኔ ማሽን ላይ ሰካሁና ፎንት ብቻ ፈልግ አልኩት። የመጀመሪያው ሌሊት መሀል ላይ መብራት ሄደ። ሁለተኛው ሌሊት ጨረሰ፣ በመቶ የሚቆጠሩ ፎንቶች ስም የላቸውም፣ በቁጥር ብቻ ተሰልፈዋል፣ አንድ በአንድ ከፈትኳቸው፣ የእንግሊዝኛው፣ የአረብኛው፣ የምልክቱ፣ ግማሹ የተቆረጠ። የሚፈለገው የለም። ሚንት የተጻፈው እሱ ላይ ሳይሆን አይቀርም።

ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ቁጭ ብዬ አስታውሳለሁ፣ ሙቀቱ አያስተኛም፣ ውሻ ይጮሃል፣ እኔ ማሽኑን ያልጠየቅኩት ጥያቄ የለም። ዲስኩን ጠየቅኩ፣ ሎጉን ጠየቅኩ፣ ፋይሉን በሄክስ ከፍቼ ባይት በባይት አየሁት። ሰውዬውን ግን አንድ ጥያቄ አልጠየቅኩም። እንዴት ነው የሚጽፉት፣ ማን አስተማረዎት፣ ከየት መጣ፣ አላልኩም። በመጀመሪያው ቀን እንዲህ ብዬ ብጠይቅ ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር። ይሄ ነው እስካሁን የሚቆረቁረኝ። ሥራውን ስለማላውቅ አይደለም የተሳሳትኩት፣ ማሽኑን ስለማውቅ ሰውዬውን የማውቅ መስሎኝ ነው።

ሲዲው

ጠዋት ሄድኩ። አፍሬ ነበር። እውነቱን ነገርኳቸው፣ "ጋሼ፣ የሚጽፉበትን ፎንት እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ ሳልጠይቅዎት" አልኩ። ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዛ "ፎንት ማለት ያ ፊደሉ ነው?" አሉ። አዎ። "ታዲያ ሴትዮዋ ሱቁን ስትዘጋ የሰጠችኝ ሲዲ አለ አይደል።"

ተነስተው ቡፌውን ከፈቱ፣ የሠርግ አልበም ከሚቀመጥበት ሥር አንድ ሲዲ አወጡ፣ ላዩ ላይ በማርከር "ፊደል" ተብሎ ተጽፏል። ልብ በሉ፣ እሳቸው ለሃያ አመት ያወቁትን ነገር እኔ ሁለት ሌሊት ስፈልግ ነበር፣ ጽሑፉ ያለ ፊደሉ እንደማይነበብ እሳቸው ያውቃሉ፣ ለዛ ነው ከሠርግ ፎቶ ጋር ያስቀመጡት። ሲዲው ተቧጭሯል፣ የዴሉ ማንበቢያ ሁለቴ ተፋው፣ በሦስተኛው የነጠላዬን ጫፍ አርጥቤ ከመሀል ወደ ዳር ጠረግኩትና አነበበ። ውስጡ የፎንት ፎልደር አለ።

ከዚህ በኋላ ያለው ቀላል ነው። ሊኑክስ ላይ ፎንቶቹን የራስህ ቤት ፎልደር ውስጥ ነጥብ ፎንትስ በምትባለው ድብቅ ፎልደር ታስገባቸዋለህ፣ ከሌለች ትፈጥራታለህ፣ ተርሚናል ላይ ኤፍሲ ካሽ የምትለዋን ኮማንድ ትሰጣለህ፣ ሊብሬ ኦፊስን ዘግተህ ትከፍታለህ። አማርኛው ተመለሰ። ዶላሩ ሁሉ "ቁ" ሆነ። ጋሼ ዝም ብለው አንድ ሁለት ገጽ ወደ ታች ወረዱ፣ ከዛ እትዬን ጠርተው "ነይ እዪ" አሏቸው።

እዚ ላይ ማቆም ይቻል ነበር። ግን ጋሼ ጸሐፊነቱን ለአንድ ወጣት ሊያስረክቡ ነው፣ ልጁ ደሞ ሁሉን ነገር በስልኩ ነው የሚሠራው፣ ፋይሉን በቴሌግራም ብልክለት ያው ኪውና ዶላር ነው የሚያየው። ስለዚ ወደ ዩኒኮድ መቀየር አለበት አልኩ። ዩኒኮድ ላይ እያንዳንዷ ፊደል የራሷ ቁጥር አላት፣ "ሀ" በሄክስ 1200 ናት፣ በየትም አገር በየትም ስልክ "ሀ" ናት፣ ፎንት ቢጠፋ ቢቀየር ማንነቷን አትስትም።

ሠንጠረዡን ራሴ ሠራሁት። አንዱን ፋይል ሁለት ቦታ ከፍቼ፣ ባንዱ ፎንቱን አድርጌ ባንዱ አንስቼ፣ ይሄ ምልክት ይሄ ፊደል እያልኩ። ከዛ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ አጭር ስክሪፕት ጻፍኩ። የመጀመሪያው ሙከራ አበላሸብኝ፣ ኪውን በ"ቀ" ቀድሜ ስለተካሁት "ቁ" መሆን የነበረበት ሁሉ "ቀ" እና ዶላር ሆኖ ቀረ። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፣ ሁለትና ሦስት ምልክት የሚገጥሙትን ቀድመህ ተካ፣ ነጠላዎቹን መጨረሻ። ይሄን የሚሠራ ሰው ካለ ከሁሉም በላይ ይሄን ይያዝ። ሁለተኛው ሙከራ ደሞ ሌላ ነገር አመጣ፣ መዝገቡ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነገር ነበር፣ የድንኳኑ ፋብሪካ ስም፣ የመኪና ታርጋ፣ ስክሪፕቱ እሱንም አማርኛ አድርጎ ትርጉም የሌለው ነገር ሠራው። ስለዚ ጽሑፉን ብቻ ማየት አይበቃም፣ እያንዳንዱ ቁራጭ በየትኛው ፎንት እንደተጻፈ እያየህ የግዕዙን ብቻ ነው የምትቀይረው። በቀጥታ ወደ ተራ ጽሑፍ ከቀየርከው ይሄ መረጃ ይጠፋብሃል። የድሮውንም ፋይል አታጥፋ፣ እሱ ነው ዋናው፣ የተቀየረው ኮፒው ነው።

ለአዲሱ ጽሑፍ አይባስ በሚባለው የመጻፊያ ፕሮግራም ላይ በላቲን ቁልፍ አማርኛ የሚያስጽፈውን አማርኛ ሴራ አስገባሁላቸው። መጀመሪያ ላይ ጣታቸው አስቸገራቸው፣ በድሮው ኤክስ "አ" ነበረች፣ በዚህኛው "ሽ" ናት። ሁለት ሳምንት "አበበ" ሊሉ "ሽ" ሲጀምሩ ነበር። ፈረንሳይኛቸው ግን ረዳቸው፣ ላቲኑን ሲያዩ አይደናገጡም።

አሁን ምን አደርጋለሁ

አሁን የሰው ማሽን ስቀበል ዲስኩን አልነካም። ገንዘብ ካለው ትንሽ ኤስኤስዲ (አዲስ ዲስክ) ይገዛል፣ ሊኑክሱ እሱ ላይ ይጫናል፣ የድሮው ዲስክ ከነዊንዶውሱ ወጥቶ በፌስታል ተጠቅልሎ ስድስት ወር ቤቱ ይቀመጣል። ገንዘብ ከሌለው ሙሉ ዲስኩን እንዳለ ኮፒ አደርጋለሁ እንጂ ፎልደር አልመርጥም፣ ምክንያቱም የምመርጠው በኔ ጭንቅላት ነው። ሁለቱንም አብረው እንዲኖሩ የሚፈልግ ካለ ዊንዶውሱ ላይ ፋስት ስታርትአፕ የምትለዋን አጥፉ፣ አለበለዚያ ዊንዶውስ ሙሉ በሙሉ ስለማይዘጋ ሊኑክስ ያንን ዲስክ ለማንበብ ብቻ ነው የሚከፍተው፣ መጻፍ እምቢ ይላል። ሰዓቱም ሦስት ሰዓት እየተዛባ ቢያስቸግራችሁ ማሽኑ አልተበላሸም፣ ሊኑክስ የማሽኑን ሰዓት በግሪንዊች ሲያነብ ዊንዶውስ በአገር ሰዓት ስለሚያነብ ነው፣ የኛ ደሞ ከግሪንዊች ሦስት ሰዓት ይቀድማል።

ግን ከዚህ ሁሉ በፊት አስቀምጬ አወራለሁ። አንዷ እህት ዊንዶውሷ ላይ የሱቅ ሂሳብ የምትይዝበት ፕሮግራም ነበራት፣ አይነካም፣ እንደዛው ይቀመጥ አልኳት። ለሷ ሊኑክስ አልጫንኩላትም። ድሮ ቢሆን ይሄን እንደ ሽንፈት ነበር የማየው።

ከጋሼ ጋር የመጨረሻውን ፋይል የቀየርን ቀን ከሰዓት በኋላ ነበር። "በል አሁን አንድ ነገር ፈልግልኝ" አሉኝ። ድሮ የሆነ ነገር ሲፈልጉ ፋይሎቹን አንድ በአንድ እየከፈቱ በአይናቸው ነበር፣ መፈለጊያው ላይ አማርኛ ቢጽፉ አያገኝም። "ምን ልፈልግ?" አልኳቸው። "ደቻቱ" አሉ።

ጻፍኩ። ነሐሴ 1998 ላይ ቆመ። ጎርፉ ከመጣ ከሳምንት በኋላ የተደረገ አስቸኳይ ስብሰባ ነው፣ ያ ከ200 በላይ ሰው የሞተበት። እድሩ ድንኳኑንና ብረት ድስቱን ለተፈናቀሉት እንዲያውል፣ አባል ሁሉ 20 ብር እንዲያዋጣ ይላል፣ ከታች የስም ዝርዝር አለ። ጋሼ ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ። አስራ ሰባተኛው ስም ላይ ቆሙ። ስሙ መሀል ላይ አንድ የማይነበብ ምልክት አለ፣ ሠንጠረዤ ውስጥ ያላስገባኋት ዲቃላ ፊደል።

"ይሄ ሰው ስሙ እንዲህ አይደለም" አሉ። "ማን ነበሩ?" አልኳቸው። ነገሩኝ፣ ወርክሾፕ አብሯቸው የሠራ፣ በዛ ጎርፍ ቤቱ ሄዶበት ራሱ ተቸግሮ እያለ 20 ብሩን ያዋጣ። ፊደሏን በእጃቸው ወረቀት ላይ ጻፉልኝ፣ ሠንጠረዡ ላይ ጨመርኳት፣ ስክሪፕቱን እንደገና አስኬድኩት። ከዛ ወደሚቀጥለው ስም ሄድን፣ እሳቸው እያነበቡ እኔ የጎደለውን እያስገባሁ፣ የመግሪብ አዛን ሲል ገና 1999 ላይ ነበርን።